ዘጠና ሺህ ባዶ ወንበር

የአርሰናልን 14ኛ የኤፍኤ ካፕ «የኮሮና ዋንጫ» እያሉ የሚጠሩ ጓደኞች አሉኝ። አብዛኞቹ የቼልሲ ደጋፊዎች ስለሆኑ ቁስሉ እስካሁን እንዳልሻረላቸው ይገባኛል። ሰው በሌለበት ስታዲየም የተነሳ ዋንጫ ግማሽ ዋንጫ ነው ይላሉ። እኔ ያንን የውድድር ዘመን ከገና ዋዜማ እስከ አረፋ ማግስት አንድም ዙር ሳያመልጠኝ ነው የተከታተልኩት። ሲጀመር ጠባብ ቤት ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተን ነበር፤ ሲያልቅ ሳሎን ውስጥ እኔና አባቴ ብቻ ቀረን። በመሃል ያለፈው ሁሉ፣ የኳሱም የሀገሩም፣ ዛሬም አልደበዘዘብኝም። ስለዚህ ግማሽ ሲሉት ዝም ማለት አልችልም።

ኤፍኤ ካፕ በእግር ኳስ ዓለም አንጋፋው የጥሎ ማለፍ ውድድር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1871 የተጀመረ። ነሐሴ ላይ ተጫዋቾቻቸው ሌላ የቀን ሥራ ያላቸው የትንንሽ ከተማ ቡድኖች ይጀምሩታል፤ ትልልቆቹ በእኛ ገና ሰሞን በሦስተኛው ዙር ይቀላቀላሉ። የተሸነፈ ወደ ቤቱ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት አካክሰዋለሁ ማለት የለም። ከሊጉ ይልቅ ልቤን የሚይዘው ለዚህ ነው። እስከዚያ ዓመት ድረስ ውድድሩን ማቋረጥ የቻሉት ሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ብቻ ነበሩ። የእኛም ሰው ስሙ እዚያ ሰፍሯል፦ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በርሊን የተወለደው ጌዲዮን ዘላለም ለአርሰናል ዋናው ቡድን ተቀይሮ ሲገባ ያየነው እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ ከኮቨንትሪ ጋር በተደረገ የኤፍኤ ካፕ ጨዋታ ነበር። የሰፈራችን ዲኤስቲቪ ቤት ያን ቀን የጮኸውን ያህል ለጎልም ጮኾ አያውቅም። በዚያው ዓመት አርሰናል ከዘጠኝ ዓመት ጥበቃ በኋላ ዋንጫ ሲያገኝ፣ ሜዳ ውስጥ አምበሉ ሚኬል አርቴታ ነበር። ይህን ስም ያዙልኝ።

ዲኤስቲቪ ቤታችን ከሾላ ገበያ ወረድ ብሎ የነበረ ቆርቆሮ ቤት ነው። ከፊት ለፊት ሁለት ቴሌቪዥን፣ ከኋላ እስከ በሩ ድረስ ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች፣ ጥጉ ላይ በሰሃን የሚሸጥ ኦቾሎኒ። በሩ ላይ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል። ጋሼ፣ የቤቱ ባለቤት፣ የዕለቱን ጨዋታ በጠመኔ የሚጽፉት ራሳቸው ነበሩ፤ የእጅ ጽሑፋቸው የድሮ የቄስ ትምህርት ቤት ጽሑፍ ነው፤ ፊደሎቹ ቀጥ ያሉና እኩል ናቸው። «አርሰናል ከ ሊድስ 4፡55» ብለው የጻፉት ታኅሣሥ 27 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር፤ የገና ዋዜማ።

ያን ምሽት ቤቱ እንደወትሮው አልሞላም። መንገዱ ነጭ በለበሱ ሰዎች ተሞልቷል፤ የእናቴም ነጠላ ከእነሱ መካከል ነው። በየግቢው የሽንኩርት ሽታ አለ። ጨዋታው ሊጀመር ሲል ዳኛው ቆም አሉ፤ ለካ የዚያን ዙር ጨዋታዎች በሙሉ በአንድ ደቂቃ እያዘገዩ ነበር የሚያስጀምሩት። ሰው ለአእምሮ ጤናው አንድ ደቂቃ ይስጥ በሚል ዘመቻ ምክንያት ነው። ማናችንም ልብ አላልነውም። ከሰባት ወር በኋላ ግን የፍጻሜው ጨዋታ በዚያው ዘመቻ ስም «ሄድስ አፕ» ተብሎ ሲሰየም፣ አንድ ደቂቃ ስንት እንደሚያወጣ ሁላችንም አውቀን ነበር።

የማርሴሎ ቢየልሳ ሊድስ ያኔ ከሁለተኛው እርከን የመጣ ቡድን ነው፤ በመጀመሪያው አጋማሽ ግን አርሰናልን መተንፈሻ አሳጣው። አርቴታ ቡድኑን ከተረከበ ገና ሦስት ሳምንት አልሞላውም ነበር። ከእረፍት መልስ ሪስ ኔልሰን አስቆጠረ፤ 1 ለ 0 አለቀ። ከቤቱ ስንወጣ ሌሊቱ ተጋምሷል፤ ከቤተክርስቲያን ማኅሌቱ ይሰማል። በዚያ ሰዓት ቻይና ውስጥ ምክንያቱ ያልታወቀ የሳንባ ምች ሰዎችን እያሳመመ እንደሆነ በዜና ተነግሯል፤ እኛ ጆሮ አልሰጠነውም።

ከጥምቀት ሳምንት በኋላ በርንማውዝን 2 ለ 1 አለፍን። አምስተኛው ዙር በዓድዋ ቀን ዋለ። ቀን ምኒልክ አደባባይ ፈረሱን፣ ጎፈሩን፣ ባንዲራውን ሳይ ውዬ፣ ማታ ላይ ድምፄ እንደጎረነነ ዲኤስቲቪ ቤት ገባሁ። ፖርትስመዝ ላይ ሶክራቲስና ኤዲ ንኬቲያ አስቆጠሩ፤ 2 ለ 0። በዚያው ሳምንት ቼልሲ ሊቨርፑልን ጣለ፤ ዌይን ሩኒ በደርቢ ማሊያ የቀድሞ ቡድኑን ማንቸስተር ዩናይትድን ገጥሞ ተሸነፈ፤ ኖርዊች ቶተንሃምን በቤቱ በፍጹም ቅጣት ምት አሰናበተ። ያ ሳምንት ኤፍኤ ካፕ በሙሉ ውበቱ የታየበት ነው። ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ፣ ጎል ሲገባ የማያውቀውን ሰው አቅፎ የዘለለበት የመጨረሻው ሳምንት እንደነበር ያወቀ አልነበረም።

ኮሮና ወደ አርሰናል የመጣው በኦሊምፒያኮስ በኩል ነው። የግሪኩ ቡድን የካቲት ከተጋመሰ በኋላ ለንደን ላይ ከዩሮፓ ሊግ አስወጥቶን ነበር፤ በመጋቢት መጀመሪያ የክለቡ ባለቤት በበሽታው መያዛቸው ተሰማ። ያን ምሽት አግኝተዋቸው የነበሩ የአርሰናል ተጫዋቾች ራሳቸውን ለዩ፤ የማንቸስተር ሲቲ ጨዋታ ተላለፈ። በፕሪሚየር ሊጉ በቫይረሱ ምክንያት የተላለፈ የመጀመሪያው ጨዋታ እሱ ነው። በማግስቱ ማታ አርቴታ ራሱ መያዙ ተነገረ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ሊጉ ሊቀጥል ነበር ዕቅዱ፤ የአርቴታ ምርመራ ውጤት ግን የእንግሊዝን ኳስ በአንድ ሌሊት አቆመው። ዓርብ ጠዋት ሁሉም ታገደ። በዚያው ዓርብ፣ መጋቢት 4 ቀን፣ አዲስ አበባ ውስጥ የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ ይፋ ሆነ።

ጋሼ የቅዳሜውን ጨዋታ አስቀድመው ጽፈውት ነበር፦ «ብራይተን ከ አርሰናል 12፡00»። ቅዳሜ 12 ሰዓት ላይ በሩ ተቆልፎ ነበር። ጽሑፉን ግን ማንም አላጠፋውም። ከዚያ በኋላ ወደ ገበያ ስወጣ ሁልጊዜ አየዋለሁ። የበልጉ ዝናብ መጀመሪያ «ብራይተን»ን አጠበው፣ ቀጥሎ ሰዓቱን። «አርሰናል» የሚለው ቆርቆሮው ያጠለለው በኩል ስለነበር እስከ ሰኔ ድረስ ይነበብ ነበር።

መጋቢት መጨረሻ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ትምህርት ቤቶች ከዚያ በፊት ተዘግተዋል። ጋሼ አግዳሚ ወንበሮቹን ወደ ውስጥ ደራርበው፣ በሩ ላይ ድንችና ሽንኩርት መሸጥ ጀመሩ። አንድ ቀን ልገዛ ቆሜ፣ ሁለታችንም በጭምብል፣ «ጋሼ፣ ኳሱ መቼ ይመለሳል ብለው ያስባሉ?» አልኳቸው። «ልጄ፣ መጀመሪያ ሰው ይመለስ» አሉኝ። ሌላ አልተናገሩም፤ ድንቹን መዝነው ሰጡኝ።

አንድ አብሮ አደጌ ለንደን ውስጥ፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ካሉበት ከካሌዶኒያን ሮድ አቅራቢያ ይኖራል። የአርሰናል ስታዲየም ከቤቱ በእግር የሚደረስ ነው። ድሮ ሲደውልልኝ «ስማ» ብሎ ስልኩን በመስኮት ያወጣልኝ ነበር፤ ስልሳ ሺህ ሰው ጎል ሲያይ የሚያሰማውን ድምፅ እኔ ሾላ ሆኜ እሰማለሁ። የአውቶብስ ሾፌር ነው፤ ስለዚህ ሌላው ሰው ቤቱ ሲዘጋ እሱ ሥራ ላይ ነበር። በዚያ የጸደይ ወራት የለንደን የአውቶብስ ሾፌሮች በርካቶች በበሽታው ሞተዋል። ሲደውል ድምፁ ያስፈራኝ ነበር። ስለ ኳስ አናወራም። አንድ ማታ ብቻ ስታዲየሙ ዙሪያ ሲያልፍ መንገዱ ላይ አንድም ሰው እንዳላየ ነገረኝና፣ «አሁን እኔም እንደ አንተ ሆንኩ፤ ቢጀመር እንኳ የማየው በቴሌቪዥን ነው» አለኝ።

ያ ንግግሩ ከልቤ አልወጣም። የዚያን ዓመት ዋንጫ ሰው አልነበረበትም ሲባል፣ የእንግሊዝ ሰው ስታዲየም አልገባም ማለት ነው። እኛ መቼ ገብተን እናውቃለን? የእኛ ስታዲየም ያ የቆርቆሮ ቤት ነበር፤ እሱም ተዘግቷል። በዚያ ዓመት የለንደኑም፣ የሾላውም፣ የናይሮቢውም ደጋፊ ለመጀመሪያ ጊዜ እኩል ርቀት ላይ ቆመ። ኤምሬትስ ስታዲየም በር ላይ የሚኖረው ጓደኛዬና እኔ አንድ ዓይነት ደጋፊ ሆንን።

የእኛም ኳስ በዚያው ሰሞን ቆሟል። ሚያዝያ 27 ቀን የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ውድድሮቹን ሁሉ ሰረዘ። ፋሲል ከነማ የፕሪሚየር ሊጉን ሠንጠረዥ ይመራ ነበር፤ ሻምፒዮን አልተባለም፤ የወረደም አልነበረም። ዜናው ሲነገር አባቴ ሬዲዮኑን ዘጋው። አባቴ የአዲስ አበባ ስታዲየም ሰው ነው። ካታንጋ በሚባለው ወገን ተቀምጦ፣ በፀሐይም በዝናብም፣ ጊዮርጊስን ሲደግፍ ያረጀ። የእንግሊዝን ኳስ አይወድም ነበር፤ «የሰው ሀገር ሰው ስም ትቆጥራላችሁ» ይለን ነበር። የሀገሩ ኳስ ሲሰረዝበት ነው ሰኔ ላይ መጥቶ አጠገቤ የተቀመጠው።

ኳሱ ሰኔ 10 ቀን ተመለሰ። ሲቲ አርሰናልን 3 ለ 0 ረታ፤ ዴቪድ ሉዊዝ ተቀይሮ ገብቶ፣ አንድ ጎል አስገብቶብን፣ ፍጹም ቅጣት ምት አሰጥቶ በቀይ ወጣ። ከሦስት ቀን በኋላ ግብ ጠባቂው ሌኖ ብራይተን ላይ ተጎዳ። በቦታው የገባው ኤሚ ማርቲኔዝ ከልጅነቱ ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል በክለቡ ተመዝግቦ፣ በውሰት ከቡድን ቡድን ሲንከራተት የኖረ አርጀንቲናዊ ነው። ተስፋችን በእሱ ላይ ወደቀ።

ሩብ ፍጻሜው ሰኔ 21፣ እሁድ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ከሼፊልድ ዩናይትድ ጋር ነበር። ባዶ ስታዲየም ውስጥ ኳስ የምትመታበት ድምፅ እንዴት እንደሚያስተጋባ ያኔ ነው ያወቅኩት። ተጫዋች ተጫዋቹን በስሙ ሲጠራ፣ አሰልጣኙ ከጠርዝ ሲጮህ ይሰማል። አባቴ ይህን ወደደው፤ «ልምምድ የማይ መሰለኝ» እያለ ጆሮውን ያቀርባል። ፔፔ በፍጹም ቅጣት ምት አገባ፤ ሊያልቅ ሲል ማክጎልድሪክ አቻ አደረገ፤ በባከነ ሰዓት ዳኒ ሴባዮስ ከጎን በኩል ሰብሮ ገብቶ አስቆጠረ። ስዘል ጠረጴዛው ተንቀሳቅሶ የእናቴ ሲኒዎች ተንጫጩ። የማቅፈው ሰው ስፈልግ አባቴ እጁን ዘረጋልኝ። በአንድ ቤት እየኖርን እንኳ ለሦስት ወር ያህል ከእሱ ራቅ ብዬ ነበር የምቀመጠው።

በማግስቱ ምሽት ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ። ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ስለ ኳስ የሚወራባቸው አልነበሩም። ብዙ ሰው ሞተ፤ ብዙ ቤት ተቃጠለ፤ ኢንተርኔት ተቋረጠ። ለሳምንታት በስልኬ ከሰው ጋር የምገናኘው በመደወል ብቻ ሆነ። በበሽታ ምክንያት በየቤቱ የተዘጋ ሰው በሐዘንም ተዘጋ። ስለዚያ ሐምሌ ሳስብ የኳሱን ደስታ ከዚያ ሐዘን ነጥዬ ማስታወስ አልችልም፤ መነጠልም አልፈልግም።

የግማሽ ፍጻሜው ቀን፣ ሐምሌ 11፣ የሞባይል ኢንተርኔት አልተመለሰም ነበር። ዲሽ የሌለው አንድ የዲኤስቲቪ ቤት ጓደኛዬ ከቀኑ ጀምሮ ደውሎ «እንዳትረሳኝ» አለኝ። ከምሽቱ 3፡45 ላይ ደወልኩለትና ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ ከቴሌቪዥኑ ፊት አስቀመጥኩት። የሚያወራው ተንታኝ አረብ ነው፤ ጓደኛዬ አረብኛ አይሰማም፤ ግን የሰውየው ድምፅ ከፍ ሲል «ማን ነው? የት ደረሰ?» ይለኛል። በ19ኛው ደቂቃ ኳሷ ከማርቲኔዝ ተነስታ፣ ከእግር ወደ እግር እየሄደች፣ ከቀኝ ፔፔ አሻማት፤ ኦባሜያንግ በሩቁ ቋሚ በኩል አገባት። እኔ የማየውን እየነገርኩት፣ እሱ እየጮኸ፣ ከእሱም ቤት ሌሎች እየጮኹ። የዋንጫው ባለቤት ሲቲ ነበር፤ ባለፈው ዓመት ዋትፎርድን በፍጻሜው 6 ለ 0 ያሸነፈ ቡድን። ከእረፍት በኋላ ኪራን ቲየርኒ ረጅም ኳስ ሰነጠቀለት፤ ኦባሜያንግ ደገመ። 2 ለ 0። የስልኬ ሒሳብ ከዳኛው ፊሽካ በፊት አለቀ። ጓደኛዬ በኋላ እንደነገረኝ፣ ውጤቱን ያረጋገጠው ጎረቤቱን አጥር ላይ ጠርቶ ነው።

ፍጻሜው ግንቦት 15 መሆን የነበረበት ነው፤ ሐምሌ 25 ቅዳሜ ሆነ። ከአረፋ በማግስቱ። የጎረቤታችን ልጆች የበዓል ልብሳቸውን ገና አላወለቁም፤ ግቢ ውስጥ በጭቃ ላይ ይሮጣሉ፤ እናታቸው ትቆጣለች። ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ አላቆመም። ምሽት 1፡30 ላይ የዌምብሌይ ቀይ ወንበሮች ታዩ፤ ዘጠና ሺህ ወንበር፣ ሁሉም ባዶ። እ.ኤ.አ. ከ1927 ጀምሮ በየፍጻሜው የሚዘመረውን መዝሙር ኤሚሊ ሳንዴ ከስታዲየሙ ጣሪያ ላይ ብቻዋን ቆማ አዜመችው። አባቴ ዝም ብሎ ቆየና፣ «ይኼን ሁሉ ወንበር ሠርተው፣ አንድ ሰው አጡ» አለ።

በ5ኛው ደቂቃ የቼልሲው ፑሊሲክ አስቆጠረብን። ከዚያ አስፒሊኩዌታ ኦባሜያንግን ጎትቶ ጣለው፤ ፍጹም ቅጣት ምት። ኦባሜያንግ ኳሷን አስቀመጠ፣ ወደኋላ ተመለሰ፤ በዚያ ቅጽበት ዝናቡ በረታና ምስሉ ቆመ። ስክሪኑ ላይ የሰውየው ጀርባ ብቻ አለ። ኢንተርኔት ከተመለሰ አሥር ቀን አይሞላውም። ስልኬ ነዘረ፤ የለንደኑ ጓደኛዬ ነው፤ «ገባች!» የሚል አንድ ቃል። ለአባቴ አሳየሁት። ምስሉ ሲመለስ ተጫዋቾቹ ደስታቸውን ጨርሰው ወደ መሃል እየሄዱ ነበር።

ሁለተኛውን ግን በደንብ አየነው። ሄክተር ቤየሪን ከራሱ ሜዳ ኳሷን ይዞ ሮጠ፣ ተከላካዮቹ ተጋጭተው ኳሷ ፔፔ ጋ ደረሰች፣ ፔፔ ወደ ግራ ሰጠ። ኦባሜያንግ በሳጥኑ ውስጥ ዙማን አጥፎ ጣለውና፣ ግብ ጠባቂው ካባዬሮ ሲወጣበት በግራ እግሩ ከላዩ ላይ ገፋ አደረጋት። 67ኛው ደቂቃ ነው። ምንም ዓይነት ኃይል የለበትም፤ ሕፃን ለማስተኛት እንደሚደረግ ቀስ ብሎ አሳረፋት። አባቴ ተነስቶ ቆመ። «ይኼ ልጅ ካታንጋ ፊት ቢያደርገው ሰው ሜዳ ይገባ ነበር!» አለ። ኮቫቺች በሁለተኛ ቢጫ ወጣ፤ ቼልሲዎች ያ ቀይ አይገባም ይላሉ፤ እኔም ከባድ ፍርድ እንደነበር አምናለሁ። ፑሊሲክም ተጎድቶባቸዋል። ግን ያን ቀን የተሻለው ቡድን ዋንጫውን ወስዷል።

ማርቲኔዝ ሜዳው ላይ አለቀሰ። ዋንጫ የሚነሳው 107 ደረጃ ተወጥቶ ከክብር ሎጁ ላይ ነው፤ ያን ቀን ሜዳው ላይ ተነሳ። ኦባሜያንግ ዋንጫውን ወደ ጓደኞቹ ይዞ ሲሄድ ከመቆሚያው አምልጦት ሣሩ ላይ ወደቀ፤ አንስቶ ከፍ አደረገው፤ ርችቱ ባዶ ወንበሮች ላይ በራ። አርቴታ መጀመሪያ በአምበልነት፣ በኋላም በአሰልጣኝነት ለአርሰናል ይህንን ዋንጫ ያነሳ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። መጋቢት ላይ በምርመራ ውጤቱ ኳሱን ያስቆመው ሰው፣ ሐምሌ ላይ የዋንጫው ባለቤት። አርሰናል በሊጉ ስምንተኛ ነበር የጨረሰው፣ ከ25 ዓመት ወዲህ ዝቅተኛው ደረጃ፤ ወደ አውሮፓ መድረክ የመለሰው ይህ ዋንጫ ነው። በማግስቱ እሁድ የአዲስ አበባ ሰው ለሕዳሴ ግድብ የመጀመሪያ ሙሌት በመኪና ጥሩምባ ሲጨፍር ዋለ። እኔም ወጣሁ፤ የአርሰናል ማሊያዬን ለብሼ።

ደስታው አራት ቀን ሳይሞላው ክለቡ 55 ሠራተኞች ሊቀንስ እንደሆነ አስታወቀ። ተጫዋቾቹ ሚያዝያ ላይ ከደመወዛቸው 12.5 በመቶ ለመተው የተስማሙት ክለቡን ለመርዳት ነበር። ይህን ጉዳይ እንደ ደጋፊ ዛሬም ይቅር አላልኩትም። ዋንጫው ግማሽ የሚሆንበት ምክንያት ካለ፣ ከባዶው ወንበር ይልቅ ይሄ ነው።

ከትልልቆቹ ይልቅ የማዝነው ግን ለትንንሾቹ ነው። በዚያው ኮሮና ምክንያት የትንንሽ ክለቦች ውድድር የሆነው የኤፍኤ ቬዝ ፍጻሜ ለአንድ ዓመት ያህል ተጓተተ። ተፋላሚዎቹ ሄበርንና ኮንሴት ናቸው፤ ሁለቱም ከእንግሊዝ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከሞላ ጎደል ጎረቤታሞች። እንዲህ ያለ ከተማ ዌምብሌይ የሚደርሰው ምናልባት በሰው ዕድሜ አንድ ጊዜ ነው፤ ከተማው በሙሉ አውቶብስ ተከራይቶ ይሄዳል። ጨዋታው እ.ኤ.አ. ሜይ 3 ቀን 2021 ተደረገ፤ ሄበርን 3 ለ 2 አሸነፈ፤ ደጋፊ እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር። ከ12 ቀን በኋላ ሌስተር ቼልሲን 1 ለ 0 ሲረታ፣ ዌምብሌይ ወደ 20 ሺህ ሰው አስገብቷል። የሄበርን እናቶችና አባቶች ልጆቻቸውን በቴሌቪዥን አዩ። በደል የምለው ይሄንን ነው።

ቢሆንም ጨረሱት። የወንዶቹን ሐምሌ ላይ፣ የሴቶቹን ኖቬምበር ላይ፣ የትንንሾቹን በዓመቱ። እንግሊዞች በዚያ ዘመን ካደረጉት ሁሉ ከልቤ የማከብርላቸው ይሄ ነው፦ እነዚህን የጀመሯቸውን ዋንጫዎች ጨርሰው ለአሸናፊዎቻቸው ሰጡ። የእኛ አልተጨረሰም። በ2011 ዓ.ም. የእኛን ጥሎ ማለፍ፣ የኢትዮጵያ ዋንጫን፣ ያነሳው ፋሲል ከነማ ወደ አፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ገብቶ ከታንዛኒያው አዛም ጋር ተጫውቶ ነበር። በ2012 ግን የኢትዮጵያ ዋንጫ አሸናፊ አላገኘም፤ በሽታው ካለፈ በኋላም ለዓመታት አልተመለሰም። ሊጉ በታኅሣሥ 2013 በዲኤስቲቪ እየተላለፈ ሲጀመር አባቴ ዕንባ አውጥቶ ነው ያየው፤ ስለ ጥሎ ማለፉ ግን «እሱስ?» ብሎ ይጠይቀኝ ነበር። ማንም አላነሳውም። ኮሮና ከእግር ኳሳችን የወሰደውና ለረጅም ጊዜ ያልተመለሰው ነገር እሱ ነው፤ አንድ የክልል ትንሽ ቡድን በአንድ ቀን ድፍረት ትልቁን ጥሎ ስሙን የሚያስጠራበት ብቸኛው መንገድ።

ዋንጫው በ2016 ተመልሶ ኢትዮጵያ ቡና ወሰደው። አባቴ የጊዮርጊስ ሰው ሆኖ ለቡና ደስ ሲለው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጋሼ ቤታቸውን መልሰው ከፍተዋል፤ ሰሌዳው ላይ የሀገር ውስጥ ጨዋታም ይጽፋሉ። እናንተም፣ የኢትዮጵያ ዋንጫ ዕጣ ወጥቶ በከተማችሁ ጨዋታ ሲኖር፣ ቡድናችሁ ታላቅም ይሁን ታናሽ፣ ትኬት ቆርጣችሁ ግቡ፤ ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ግቡ።